መጨረሻ የሚጠጣው ማሳ

ባሌ ዋሽቶኝ አያውቅም። ችግሩም ይኸው ነው። ውሸታም ያገባች ሴት ቢያንስ ምኑን እንደምትጠረጥር ታውቃለች፤ እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ባዶ ኪስ ስፈትሽ ኖርኩ። ባዶ ኪስ ደግሞ ከሙሉው የባሰ ያጠራጥራል።

ተጠራጣሪ ናት ይሉኛል። ነኝ! እናቴም ነበረች። እንቁላል ወደ ፀሐይ አንስቼ ሳላይ አልገዛም። ጎረቤት ከወትሮው አስበልጦ ደህና አደርሽ ካለኝ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊዋሰኝ ነው ብዬ በሬን ገርበብ አደርጋለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ የፓርላማ አባል ሚስት የሆንኩት።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የሰፈራችንን ማሳ ሁሉ የሚያጠጣው ከወንዙ የተጠለፈ አንድ የአፈር ቦይ ነው። አባቶቻችን ናቸው የቆፈሩት። ከላይ ካሉት ማሳዎች ይጀምርና ወርዶ ወርዶ እኛ ጋ ያልቃል፤ እኛ የቦዩ ጭራ ነን። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል፤ የሚመረጠውም ሁልጊዜ ከጭራው ነው። ለምን ቢሉ፣ እሱ ማሳ የሚደርሰው ውሃ የሁሉንም ማሳ አልፎ የመጣ ነውና ላይኛው ሰው ከድርሻው በላይ እንዳይጠጣ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። ሕጉ አጭር ነው። አከፋፋይ መጨረሻ ይጠጣል። ያለ ተራው ቦይ የሰበረ ደግሞ የሚቀጥለው ተራው ይታለፋል። ዘመድ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ አራስ የለ።

ባሌ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነው። ሲራመድ ንፋስ አይቀድመውም። ላይኛው ማሳ ላይ አንዱ ቦይ ሊሰብር ዶማውን ብድግ ካደረገ፣ ዶማው መሬት ሳይነካ ባሌ ከጎኑ ቆሞ ይገኛል። ብዙ ሌባ በድንጋጤ ዶማውን ጥሎ ሮጧል።

የኔ ብርቱካኖች የጭራው ጭራ ላይ ናቸው። ባገባኝ ዓመት በእጄ የተከልኳቸው ናቸው። ልጅ አልሰጠንም፤ ስለዚህ እነሱን አሳደግኩ። አንዱ ሲታመም ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ይሳቅብኝ፣ ግድ የለኝም። ቦዩ ግን አርጅቶ ነበር። ተሰነጣጥቆ ውሃውን መንገድ ላይ ይጠጣዋል፤ በየዓመቱ እኛ ጋ የሚደርሰው እየቀጠነ መጣ። በሲሚንቶ ካልተሠራ ብርቱካኖቼ እንደሚደርቁ ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ።

ምርጫ ሲመጣ አንድ ገበሬ ይወዳደር ተባለና የሁሉም ጣት ባሌ ላይ ተቀሰረ። ተቀናቃኙ ከቦዩ ራስ ላይ ሰፊ መሬት ያለው የእህል ነጋዴ ነበር። ፈጥኖ ደራሽ ነው የምንለው፤ ድግስ ላይም ለቅሶ ላይም ከባለቤቱ ቀድሞ የሚገኝ ሰው ስለሆነ። ፈጥኖ ደራሽ ሆስፒታሉንም መንገዱንም ድልድዩንም ቃል ገባ። ባሌ ተነስቶ፣ «ቦያችን በሲሚንቶ እንዲሠራ እጠይቃለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ሕዝቡ በጭብጨባ አቀለጠው። እኔ ግን «እጠይቃለሁ» የምትለዋ ቃል ያኔውኑ ደስ አላለችኝም።

ተመረጠ። የመጀመሪያውን ስብሰባ ሰፈሩ ሁሉ ሻይ ቤት ተሰብስቦ በቴሌቪዥን አየ። ካሜራው ዞር ሲል ባሌ እጁን አወጣ። «አወጣ! እጁን አወጣ!» ብሎ ሻይ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ለምን እንዳወጣ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ ከእኔ በቀር።

ከዚያ የመስኖ ሥራ የሚከፋፈልበት ኮሚቴ ውስጥ ገባ ተባለ። በቃ፣ ቦያችን ተሠራ አልን። ዓመት አለፈ። ስልክ ሲደውል ስለ ቦዩ ስጠይቀው፣ «ተራችን ይደርሳል» ይለኛል። ሌላ ዓመት። «ተራችን ይደርሳል።» የመጀመሪያው ዘመን አልቆ ሕዝቡ በትዕግሥት ደግሞ መረጠው፤ አሁንም ያው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። የኔ ብርቱካኖች ቅጠላቸውን እያረገፉ፣ እሱ ተራ ይቆጥርልኛል!

አንድ ቀን ጠዋት በሰፈራችን መንገድ የጭነት መኪና መጣ። ሲሚንቶና የቦይ መዝጊያ ብረት ጭኗል። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። መኪናው ግን አልቆመም። ሌላ መጣ፤ እሱም አልቆመም። አቧራውን አልብሶን ወደ ጎረቤት ወረዳ አለፈ። ፈጥኖ ደራሽ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

«እትዬ፣ ክፉ አትስሚ እንጂ» አለኝ፣ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ፣ «የዚያ ወረዳ ሰዎች ለባልሽ ዋና ከተማ ቤት ሠርተውለታል ይባላል። ፎቅ ነው አሉ። በሩ አረንጓዴ።»

ፎቁን ላላምን እችል ነበር። የበሩ ቀለም ግን ሆዴ ገባ። ሰው ውሸት ሲፈጥር ለበር ቀለም ይቀባል እንዴ? ያን ቀን እህል አልበላሁም። ሳልነግረው በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

የምክር ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ማንን እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

«ባሌን።»

«የትኛው ናቸው?»

«እጁን የሚያወጣው።»

«እማማ፣ እዚህ ሁሉም ያወጣሉ» ብሎ ሳቀ።

አስጠርቶልኝ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ክርኑ ላይ አልቆ አብረቅርቋል። ሲያቅፈኝ መዳፉን ያዝኩት። ያ የዶማ እጀታ ያደደረው መዳፍ እንደ ጸሐፊ መዳፍ ለስልሷል። በሆዴ፣ ያዝኩህ አልኩ። እሱ ግን እንደ ሕፃን ደስ ብሎት ሻንጣዬን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። አንዱን መንገድ ታጥፈን አንድ ግቢ ፊት ቆምን።

በሩ አረንጓዴ ነበር።

ከግንቡ በላይ ፎቁ ይታያል። ባሌ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ከፈተ። «ግቢ እንጂ» አለኝ። ገባሁ። ፎቁን በጎን አልፈን ወደ ጓሮ ዞርን፤ ከልብስ መስጫው ሽቦ ሥር ጎንበስ ብለን ሰርቪስ ክፍሉ ጋ ደረስን። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ሌላ ሙሉ ልብስ።

«ትልቁስ ቤት የማን ነው?» አልኩት።

«የአከራዬ።»

ይኼን ያህል በቀላሉ የማምን ሰው አይደለሁም። ወጣ ሲልልኝ ፍራሹን አገላበጥኩ፣ ኪሶቹን ፈተሽኩ፣ ትራሱን አሸተትኩ። ምንም። ሲነጋ አከራይዋን ራሷን አናገርኳት። «ባለቤትዎ መልካም ሰው ናቸው» አለችኝ፣ «ብቻ አበባ ሳጠጣ ቧንቧውን አበዛሽው እያሉ ይቆጡኛል።» ያው ራሱ ነው። ቤት አልሠሩለትም። ሴትም የለችም። ታዲያ ሲሚንቶው ለምን ሰፈሬን አልፎ ሄደ?

ያን ዕለት አብሬው ቢሮ ሄድኩ። እሱ ስብሰባ ሲገባ የኮሚቴው ጸሐፊ ዘንድ አስቀመጠኝ። ጸሐፊዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ ሻይ አምጥታልኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምነው እንዲህ ያለ ባል ለሁላችንም በሰጠን» አለችኝ። «ሌሎቹ የእኔ ወረዳ ይቅደም እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። እሳቸው ግን ገና የመጀመሪያው ቀን፣ እኔ አከፋፋይ ነኝ፣ የእኔ አካባቢ መጨረሻ ይሁን አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ! እኛ ሁላችንም ምሳሌ አድርገን ነው የምንጠቅሳቸው።»

የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«ልጄ» አልኳት፣ «መጨረሻው ደርሶ ያውቃል?»

«ምኑ?»

«ተራው።»

«እሱማ... በጀቱ ሁሌም መሀል ላይ ነው የሚያልቀው።»

እንዴት ወደ ክፍሉ እንደተመለስኩ አላውቅም። ሲመጣ ገና በሩን ሳይዘጋ ለቀቅኩበት።

«ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር! ቤት ቢሠሩልህ፣ ሴት ብታስቀምጥ ይሻለኝ ነበር!»

«ምን ሆንሽ?»

«መጨረሻ አደረግከን? በአፍህ? ማንም ሳይጠይቅህ?»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። አልካደም፤ መካድ መች ያውቅበትና። «ታውቂያለሽ እኮ» አለኝ። «አከፋፋይ መጨረሻ ይጠጣል።»

«እሱ ለወንዝ ነው! ወንዝ አያልቅማ፤ ዛሬ ባይደርስ ነገ ይደርሳል። የነዚህ ሰዎች በጀት ወንዝ ነው? መሀል ላይ እያለቀ፣ ዓመት ሲዞር ደግሞ እንደገና ከላይ ይጀምራል። አንተ ጭራው ላይ ቆመህ እስከ መቼ?»

«ዘንድሮ ይደርስ ይሆናል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት እውነት ነው። ንዴቴ አልበርድ አለኝ፤ ያን ጊዜ ነው ዋናው ጥርጣሬ፣ ከአረንጓዴው በር የባሰው፣ ብልጭ ያለልኝ።

«አንተ ስምህን ነው የምትወደው» አልኩት። «እነዚህ ሰዎች ምሳሌ እንዲሉህ ነው የኔን ብርቱካን በውሃ ጥም ያቃጠልከው። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ!»

አንገቱን ደፋ። መልስ ጠፍቶት ይሁን፣ ወይም የነበረው መልስ እውነት ሆኖበት አፉ ላይ ቀርቶ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሳልሰናበተው ተመለስኩ።

ሰፈር ስደርስ ሰው ሁሉ ቦይ ጠረጋ ወጥቶ ነበር። ሴቱም ወንዱም አካፋውን ተደግፎ ከበበኝ። «እህስ፣ ምን አገኘሽ?» አሉኝ። ሌባ ነው ብላቸው ይገባቸዋል፤ ሌባን ሰዉ ያውቀዋል፣ ሲቆይም ይቅር ይለዋል። እውነቱን ብነግራቸው ግን የገዛ ሰዋቸው ወዶ ፈቅዶ ወደ ኋላ እንደገፋቸው ልነግራቸው ነው። ቢሆንም መዋሸት አልሆነልኝም፤ ከሱ ጋር ስኖር ሳይጋባብኝ አልቀረም። እንዳለ ነገርኳቸው።

ፈጥኖ ደራሽ ሳቀ።

«እትዬ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል ባልሽ አልሰማም እንዴ? ሰው እንዴት የራሱን መጨረሻ ያደርጋል? በይ እሺ፣ አረንጓዴው በር የለም ነው የምትይን?»

«በሩስ አለ» አልኩ።

«አለ! ሰማችሁ?»

ሰርቪስ ክፍሉን፣ የልብስ ሽቦውን፣ አከራይዋን ልናገር ብል ማን ይስማኝ! አንዷ ጎረቤቴ፣ ልጇን አዝዬ ያሳደግኩላት፣ «እሷም ድርሻዋን ቀምሳለች» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬ፣ መጠርጠር እንዲህ እንደሚያቃጥል የዚያን ቀን ነው የገባኝ።

በቀጣዩ ምርጫ ፈጥኖ ደራሽ አሸነፈ። ባሌ ሁለቱን ሙሉ ልብሱን ይዞ ተመለሰ። «ደህና ነሽ?» አለኝ፤ እኔም «ደህና» አልኩት። ልብሱን ሰቅሎ ዶማውን ፈለገ። ብዙ ቀን እንዲህ ባጭር ባጭሩ ስንነጋገር ቆየን።

ፈጥኖ ደራሽ እውነትም ፈጥኖ ደረሰ። ዓመት ሳይሞላው ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጥቶ ሰፈራችን ቆመ! ሕዝቡ ጨፈረ። ቦዩ ከወንዙ ጀምሮ በሲሚንቶ ተሠራ፣ ተሠራ፣ ተሠራና፣ የፈጥኖ ደራሽ ማሳ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ቀሪው በሚቀጥለው» አለ። አንድ ሰው እንኳ አልተቆጣም። «ቢያንስ እሱ አመጣ!» አሉ። ባሌን ሌባ ያለ አፍ ሁሉ ይኼን ሰውዬ መረቀው።

ፈጥኖ ደራሽ የገዛ አማቹን የውሃ አባት አስደረገው፤ ያውም ከቦዩ ራስ። አማችየው መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል፤ ቀጥሎ ዘመዶቹ ይጠጣሉ። ታች ላለው የሚተርፈው እርጥበቱ ነው። ሰው በዶማ ሊፋለጥ ደረሰ። ይኼኔ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ቤታችን መጡ፣ ያንኑ ሌባ ያሉትን ሰው ፍለጋ።

«ለፓርላማው ፈጥኖ ደራሽ ይሁን፣ ተሻምቶ ያመጣል» አሉት ባሌን ያለ አንዳች እፍረት። «ለውሃው ግን ካላንተ ሰው የለንም።»

ድንቄም! ከሰው ላይ ነጥቆ የሚያመጣላቸው አንድ ሰው፣ እርስ በርስ እንዳይናጠቁ የሚጠብቃቸው ሌላ ሰው! ልሰድባቸው አፌን ስከፍት ባሌ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሩ ጋ ደርሶ ነበር። ፊቱ ፓርላማ ሲመረጥ ያላየሁበትን ብርሃን ለብሷል። አናደደኝ፤ አሳዘነኝም።

በጋው የዚያን ዓመት ጨካኝ ነበር። ወንዙ ቀጠነ። የብርቱካኖቼ ቅጠል እንደ ትንባሆ ተጠቀለለ፤ ቅርንጫፉን ስጭረው ከሥሩ አረንጓዴው ሊጠፋ ክር ያህል ቀርቷል። በውሃ ተራው ቀን ጠዋት ባሌን በር ላይ አስቆምኩት።

«ዛሬ እኛ ጋ ይደርሳል?»

ወንዙን አየ፣ እኔን አየ። «አይደርስም።»

«በሚቀጥለውስ?»

«እንጃ።»

«ብርቱካኖቹስ እስከዚያ ይቆያሉ?»

ይቆያሉ ቢለኝ ምን ነበረበት! አንድ ቃል! አፉን ከፍቶ ዘጋውና ሄደ።

ጥላ ሲያጥር ተነሳሁ። መጥረቢያም ቢሆን አነሳ ነበር፤ እጄ የገባው አሮጌው ዶማ ነው። ከእኛ በላይ ያለው ጎረቤታችን ተራው ደርሶ ውሃውን ወደ ሽንኩርቱ ለመምራት ቦዩን በአፈር ገድቦታል። ሽንኩርት በየዓመቱ ይተከላል፤ የኔ ብርቱካን ግን የዕድሜ ልክ ነው። ሰው ሁሉ እያየኝ ግድቡን መታሁት። አንዴ፣ ደግሜ። ውሃው ተንደርድሮ ወደ ታች ወረደ።

«የውሃ አባት!» ብሎ ጮኸ አንዱ። «ሚስትህ!»

ባሌ ላይኛው መዝጊያ ላይ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ዶማዬን ይዤ አየሁት። ና እንግዲህ፣ አልኩ በሆዴ፣ እንደ ልማድህ ብረርና ዝጋው።

መምጣቱንስ መጣ። ግን እያነከሰ ነበር። አንድ እርምጃ ይራመድና ይቆማል፤ ጉልበቱን ይይዛል፤ ደግሞ ይራመዳል። ሰዉ «ምን ሆኖ ነው?» ይባባላል። ውሃው ከኋላዬ ብርቱካኖቹ ሥር እየገባ ይንቦጫረቃል፤ የደረቀው አፈር ሲጠጣ ድምፁ ይሰማኛል። መጀመሪያ አንደኛው ዛፍ ሥር፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ወደ መጨረሻውም ደረሰ። ባሌ ገና መንገድ ላይ ነው።

በስንት መከራ ደረሰ። ዶማውን ከእጄ ወስዶ ግድቡን በገዛ እጁ ደፈነው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ባለቤቴ ያለ ተራዋ ቦይ ሰብራለች፤ የሚቀጥለው ተራችን ይታለፋል» አለ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። «ለሚስቱም አይል!» አሉ። ደስ አላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊቴ እያነከሰ ሄደ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«እሾህ ወጋኝ።»

ቤት ገብተን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «አምጣ እግርህን» አልኩት። «ተይው፣ ወጥቷል» አለኝ። እኔ ደግሞ ተይው ሲሉኝ የምተው ሰው አይደለሁም። ጫማውን አውልቄ እግሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ሌላውንም አውልቄ አየሁ፣ የተወጋው እሱ እንዳይሆን ብዬ። ተረከዙን፣ ጣቶቹን፣ በጣቶቹ መሀል ሁሉ በጣቴ ዳሰስኩ። እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

እሾህ የወጋው ቦታ የትም አልነበረም።